ከሽምብጥ እስከ ዘጌ፦ ኦኤልኤስአር፣ ባትማን፣ ባቤልና ሎራን የማገናኘት ሥራ ማስታወሻ

መስከረም መጨረሻ

እስቲ መጀመሪያ እጃችን ላይ ያለውን ልጻፍ። ባሕር ዳር ሽምብጥ ሰፈር ጣሪያ ላይ የተሰቀሉ ያገለገሉ ራውተሮች አሉ፣ ኦፕን ደብሊውአርቲ የሚባለውን የራውተር ሶፍትዌር ጭነንባቸው በኦኤልኤስአር ነው የሚሠሩት (ኦኤልኤስአር፣ ባትማንና ባቤል ራውተሮች ለመልእክት መንገድ የሚመርጡባቸው የተለያዩ ደንቦች ማለትም ፕሮቶኮሎች ናቸው)። ሐይቁ ዳር ጀልባ ማቆሚያው አካባቢ ደግሞ አንድ ጓደኛችን ለራሱ የዘረጋው ሌላ ሜሽ (መሣሪያዎቹ እርስ በርስ እየተቀባበሉ የሚሠሩበት መረብ) አለ፣ እሱ በባትማን ነው። ሦስተኛው ተንቀሳቃሹ ነው፣ ባጃጅ ላይና ወደ ዘጌ በሚመላለሱት የሞተር ጀልባዎች ላይ የምናስራቸው ራስበሪ ፓይ የሚባሉ ትንንሽ ኮምፒውተሮች፣ እነሱ በባቤል። ማዶ ዘጌ ላይ ዋይፋይ ቡና ጫካው ውስጥ ስለማይዘልቅ ሎራ (ቀርፋፋ ግን ሩቅ የሚደርስ ሬዲዮ) እናስገባለን። የምንፈልገው ነገር ሲነገር ቀላል ነው፣ ሽምብጥ ያለ ሰው ሲም ካርድ በሌለው ስልክ ዘጌ ላለ ሰው መልእክት ይላክ መልሱም ይምጣ፣ በቃ።

ያየ ሁሉ የሚጠይቀኝ «ለምን ሁሉንም አንድ ፕሮቶኮል አታደርጉትም?» ብሎ ነው። እሺ፣ የትኛውን? ኦኤልኤስአር (ደንቡ የተጻፈበት የኢንተርኔት ሰነድ አርኤፍሲ 3626 ነው፣ እ.ኤ.አ. 2003) በየ2 ሰከንዱ ሄሎ (አለሁ የሚል አጭር መልእክት) በየ5 ሰከንዱ ደግሞ የቶፖሎጂ መልእክት እየላከ ሁሉም ኖድ (መረቡ ላይ ያለ መሣሪያ) የመረቡን ካርታ እንዲይዝ ያደርጋል፣ ለማይንቀሳቀስ ጣሪያ አሪፍ ነው፣ መብራቱም ከግድግዳ ነው የሚመጣው። ሎራ ላይ ግን ያንን መሞከር እብደት ነው፣ ሒሳቡን ወደ ታች እጽፈዋለሁ። ባትማኑን የዘረጋው ልጅ ደግሞ የሚሠራ መረቡን ለእኛ ሲል አፍርሶ አይሠራም፣ እኔም ብሆን አልሠራም። ስለዚህ የተለያዩ ሆነው ይቆዩና ድንበሩ ላይ ያለችው ሳጥን፣ ጌትዌይ የምንላት፣ ትቻለው።

ኤኦዲቪ የሚባለውን ሌላ ፕሮቶኮል አስበን ነበር ለተንቀሳቃሹ፣ መንገድ የሚፈልገው የሚላክ ነገር ሲኖር ብቻ ስለሆነ ዝም ያለ ጊዜ አየሩን አይበላም። ግን ድንበር ላይ አንድ የማይመች ነገር አለው። ኤኦዲቪ ሉፕ (መልእክት በክብ እየዞረ መቅረት) የሚከላከለው እያንዳንዱ መድረሻ ራሱ በሚያወጣው የተራ ቁጥር ነው፣ ኦኤልኤስአር ውስጥ ያለ ኖድ ደግሞ እንደዛ ያለ ቁጥር አያወጣም፣ ስለዚህ ጌትዌዩ ከጀርባው ላለው ሰብኔት (የአድራሻ ቡድን) በሙሉ በራሱ ስም ቁጥር እያወጣ መመለስ አለበት (አርኤፍሲ 3561ም ለውጭ መረብ የሚለው ይሄንኑ ነው)። አንድ ጌትዌይ ካለ ችግር የለም፣ ሁለት ሲሆኑ የማን ቁጥር ነው አዲሱ? በዛ ላይ ለሊኑክስ የተሠሩት የኤኦዲቪ ፕሮግራሞች ዘመናቸው አልፏል፣ ከአሁኑ ከርነል (የሊኑክስ እምብርት) ጋር ማስታረቁ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ባቤል ተመረጠ።

ጥቅምት መጀመሪያ

ዛሬ ሐይቁ ዳር ያለችውን ጌትዌይ አስነሳሁ፣ በአንድ በኩል ባትማን በሌላ በኩል ባቤል።

ባትማን ሌየር ቱ (ከአይፒ አድራሻ በታች ያለው ንብርብር) ላይ ነው የሚሠራው፣ ከላይ ላለ ፕሮግራም ሜሹ በሙሉ አንድ ትልቅ ስዊች መስሎ ይታየዋል። ከ2.6.38 ጀምሮ ሊኑክስ ከርነሉ ውስጥ ስላለ መጫኑ ቀላል ነው፣ ኤምቲዩውን (ፓኬት የሚባለው አንድ ቁራጭ ዳታ ሊኖረው የሚችለውን ትልቁን መጠን) ከታች ወደ 1532 ባይት ከፍ ማድረግ ብቻ መርሳት አያስፈልግም፣ አለዚያ ትልልቁን ፓኬት ይቆራርጠዋል። እዚህ ድረስ ደህና። ባቤል ግን የባትማኑን ኢንተርፌስ (የመገናኛ በር) ሲያየው ሬዲዮ አይመስለውም፣ ኬብል ነው ብሎ 96 ዋጋ ይሰጠዋል፣ እውነተኛውን ዋይፋይ ደግሞ 256 (ዋጋው ያነሰው መንገድ ነው የሚመረጠው)። ውጤቱ ምን ሆነ፣ ጀልባ ማቆሚያው ላይ ከጌትዌዩ ፊት ለፊት የቆመች ፓይ በቀጥታ መላክ ስትችል ፓኬቷን በባትማኑ በኩል ሦስት ጣሪያ አዙራ ትልካለች፣ ለሷ እኮ ሦስቱ ጣሪያ አንድ ኬብል ነው።

«እሺ ሬዲዮ ነው በለው» ብዬ የኢንተርፌሱን ዓይነት ቀየርኩት። አሁን ባቤል የደረሱትንና የጠፉትን ሄሎዎች እየቆጠረ ዋጋ ያወጣል። እዚህ ጋ ነው ደስ የሚለው ነገር የመጣው (ለኔ ደስ ይላል፣ ጓደኛዬ ተናዷል)። ባትማን ብሮድካስትን (ለሁሉም የሚላክ ፓኬት) ሬዲዮ ላይ በየሆፑ (ከአንድ ኖድ ወደ ቀጣዩ በዘለለ ቁጥር) ሦስት ሦስቴ ነው የሚልከው። የባቤል ሄሎ ደግሞ ብሮድካስት ሆኖ ነው የሚያልፈው። ከ100 ፓኬት 40 የሚጠፋበት ክፉ ሊንክ ላይ ሦስቴ ሲላክ ጠፍቶ የሚቀረው 6 አካባቢ ነው፣ ስለዚህ ባቤል «ይሄማ ጤነኛ መንገድ ነው» ብሎ ያምናል፣ እውነተኛው ዳታ ሲሄድበት ግን ይንፏቀቃል።

የተስማማንበት፦ ባትማን ስለ ራሱ የሚያውቀውን እሱኑ እንጠይቀው። ለያንዳንዱ መድረሻ ከ0 እስከ 255 የሚደርስ የጥራት ቁጥር አለው፣ ትንሽ ስክሪፕት ያንን እያነበበች 256ን በ255 አባዝታ ለዛ ቁጥር ታካፍልና የኢንተርፌሱን ዋጋ ባቤል ላይ ትጽፋለች። ድክመቱ ግልጽ ነው፣ ዋጋው የሚጻፈው ለኢንተርፌሱ በሙሉ ስለሆነ ከባትማኑ ማዶ ያለው የባቤል ጎረቤት አንድ ብቻ ሲሆን ነው የሚሠራው። ለኛ አንድ ነው። ሁለት የሆነ ቀን ይታሰብበታል።

በማግስቱ

መብራት ሌሊት ጠፍቶ ጠዋት መጣ። ሁሉም ራሳቸው ተነሱ። ስክሪፕቷ ግን ባትማኑ ሳይነሳ ቀድማ ስለምትነሳ ትሞታለች፣ ትንሽ እንድትጠብቅ አደረግኳት።

ጥቅምት አጋማሽ

ኦኤልኤስአርና ባቤልን የማገናኘት ተራ። ሁለት ጌትዌይ አለን፣ አንዱ ሽምብጥ ጣሪያ ላይ አንዱ ወደ ሐይቁ ጠጋ ያለ፣ ሁለቱም ኦኤልኤስአርም ባቤልም ይሠራሉ። መጻሕፍቱ ሁሉ በሁለት ቦታ በሁለት አቅጣጫ ሩት (የመንገድ መረጃ) አታዋውሱ ይላሉ፣ እኔ ደግሞ ሲበላሽ ምን እንደሚመስል በዓይኔ ማየት ስለፈለግኩ ሆን ብዬ ያለምንም ፊልተር ከፈትኩትና አንዷን ጀልባ ላይ የምትታሰር ፓይ ነቀልኳት።

አልሞተችም። ማለቴ ፓይዋ ጠፍታለች፣ ሩቷ ግን አልጠፋም፣ ሻይ ጠጥቼ ስመለስም ሁለቱም ጌትዌዮች «አለች» ይላሉ፣ ፒንግ (አለሽ ወይ የሚል መጠየቂያ) ሲደረግ ፓኬቱ ቲቲኤሉ (የመዝለያ ገደቡ) እስኪያልቅ ሁለቱ መሀል ይመላለሳል። ነገሩ እንደ ሰፈር ወሬ ነው፣ አንዱ «ከሱ ነው የሰማሁት» ይላል ያኛውም «ኧረ እኔስ ከሱ ነው» ይላል፣ ዋናው ተናጋሪ ከሄደ ቆይቷል። የመጀመሪያው ጌትዌይ ከባቤል የሰማውን ለኦኤልኤስአር ይነግራል፣ ሁለተኛው ከኦኤልኤስአር ሰምቶ ለባቤል መልሶ ይነግራል፣ የመጀመሪያው ያንን ይሰማና ይቀጥላል። ወሬው በዞረ ቁጥር ዋጋው አድጎ የሚጣልበት ተራው የቁጥር መጨመር እንኳን አያድነውም፣ ድንበሩን በተሻገረ ቁጥር ሜትሪኩ (የመንገዱ ዋጋ) ከዜሮ ነው የሚጀምረው።

የገረመኝ ግን ባቤል ነው። ባቤል ከሉፕ የሚጠብቅ በደንብ የተጠና ሕግ አለው፣ ሰው የሚወደውም በሱ ነው። ሕጉ ግን የሚሠራው ለአንድ ፕሪፊክስ (የአድራሻ ክልል) እና ለአንድ ምንጭ ራውተር መለያ ነው። ሁለተኛው ጌትዌይ ከኦኤልኤስአር ያመጣውን ሲናገር በራሱ መለያ ስለሆነ ለባቤል ፍጹም አዲስ ወሬ ነው፣ ሕጉ «ጥሷል» ብሎ የሚይዘው ነገር የለም። ማለትም ያ ሁሉ ጥበቃ ድንበሩ ላይ ያበቃል። የትኛውንም ፕሮቶኮል ብትመርጥ ያው ነው።

መድኃኒቱ አሰልቺ ነው፣ የአድራሻ ፕላን። ኦኤልኤስአር 10.40.0.0/16 (በ10.40 የሚጀምር አድራሻ ሁሉ)፣ ባቤል 10.41.0.0/16፣ ባትማን 10.42.0.0/16። ጌትዌይ ወደ ባቤል የሚያስገባው 10.40ን ብቻ፣ ወደ ኦኤልኤስአር የሚያወጣው 10.41ንና 10.42ን ብቻ፣ ሌላው በሙሉ ይከልከል። እያንዳንዱ መረብ የሚናገረው ስለ ራሱ ልጆች ብቻ ከሆነ የሌላው ወሬ ተመልሶ የሚመጣበት ቀዳዳ የለም። ፓይዋን ደግሜ ነቀልኳት፣ ወዲያው ጠፋች።

ያ ሳምንት ቅዳሜ ማታ

ፊልተሩ ሉፑን ዘጋ፣ ምርጫውን ግን አላስተካከለም። ኦኤልኤስአር የውጭ መረብን የሚያስተዋውቀው ኤችኤንኤ በሚባል መልእክት ነው፣ መልእክቱ ውስጥ ያለው የመረቡ አድራሻና ማስክ ብቻ ነው፣ ከጌትዌዩ ወዲያ ምን ያህል እንደሚርቅ የሚጻፍበት ቦታ የለውም። ስለዚህ ጣሪያ ላይ ያለ ራውተር ለሱ የቀረበውን ጌትዌይ ነው የሚመርጠው፣ ያ ጌትዌይ ጀልባዋን ጨርሶ ባያያትም እንኳን።

ሜትሪክ ለመተርጎም ብዙ ሰው ብዙ ነገር ይሞክራል፣ የኦኤልኤስአርን ሆፕ በዚህ አባዛ የባቤልን ዋጋ በዛ አካፍል ምናምን። እኔ አላምንበትም። አንዱ ሆፕ ይቆጥራል፣ አንዱ የጠፋ ሄሎ፣ ባትማን የራሱ ጥራት አለው፣ ሎራ ጭራሽ መንገድ አይቆጥርም። እነዚህን በአንድ ቁጥር ብትደምራቸው የሚወጣው ቁጥር ምንም ማለት አይደለም። የሠራነው የዋህ ነገር ነው፦ ጌትዌዩ በባቤል በኩል ወደ ጀልባዎቹ ያለው ዋጋ ከተወሰነ በላይ ሲወጣ ኤችኤንኤውን ራሱ ያነሳል፣ ሲሻለው ይመልሳል። ቁጥር አይተረጎምም፣ አለሁ ወይም የለሁም ብቻ። የማንሻውና የመመለሻው ዋጋ አንድ ከሆነ ጀልባ በሞገድ በተወዛወዘች ቁጥር ይበራል ይጠፋል፣ ስለዚህ መመለሻው ከማንሻው በደንብ ዝቅ ብሏል። ኤችኤንኤ ካልታደሰ 15 ሰከንድ ቆይቶ ነው የሚረሳው፣ ያቺን 15 ሰከንድ ተቀብለናታል።

ሌላ ያልጨረስነው፦ ጌትዌዮቹ 10.40ን በጥቅሉ ነበር የሚያስተዋውቁት። የጣሪያው ሜሽ መሀሉ ላይ ቢቆረጥ (ባሕር ዛፎቹ ዝናብ ሲመታቸው ቅጠሉ ውኃ ይይዝና ሲግናሉን ይበላዋል፣ ይሄ ሆኖ ያውቃል) ሁለቱም ጌትዌይ ሙሉውን /16 የኔ ነው ማለታቸውን ይቀጥላሉ፣ ፓኬቱም የተሳሳተው ግማሽ ጋ ገብቶ ይቀራል። ኖዶቹ ጥቂት ስለሆኑ ለጊዜው እያንዳንዱን አድራሻ ለየብቻ በ/32 እናስተዋውቃለን። መቶ ቤት ሲሆን አይቻልም።

ኅዳር ሚካኤል ማግስት

ጀልባ ላይ መትከል። ሳጥኗ የዘይት ጀሪካን ናት፣ ጎኗን ቆርጠን ፓይዋን አስገብተን በሲሊኮን ዘጋናት፣ አፏ ወደ ታች ሆኖ ኬብሉ በዛ ይወጣል ውኃ ቢገባም በዛው ይፈሳል። አንቴናው ከእንጅባራ የመጣ ቀርከሃ ጫፍ ላይ ነው። ዋናው ድርድር ከጀልባ ነጂው ጋር ነበር።

«ጋሼ፣ ይችን ጀሪካን ጀልባዎ ላይ ላስራት ነበር።»

«ውስጧ ምን አለባት?»

«መልእክት የምትይዝ ትንሽዬ ኮምፒውተር ናት።»

«መብራቱንስ ከየት ነው የምትበላው? ከኔ ባትሪ?»

ዝም አልኩ።

«ሞተሩ አልነሳ ያለኝ ቀን አንተ ነህ እምትቀዝፍልኝ፣ ልንገርህ።»

ልክ ናቸው። የራሷን 12 ቮልት 7 አምፒር-ሰዓት ባትሪ ሰጠናት። ወደ 84 ዋት-ሰዓት ነው፣ ባትሪው እንዳይሞት ግማሹን ብቻ ብንጠቀም ለ3 ዋት 14 ሰዓት ይበቃል፣ ጀልባዋ ደግሞ ሲመሽ ትቆማለች። ማታ ማታ ልጃቸው ቤት ወስዶ ይሞላዋል።

ከባሕር ዳር እስከ ዘጌ ድረስ ዋይፋይ ሳይቋረጥ ይሂድ የሚለውን ሐሳብ ግን ዛሬ ተውነው። በ2.4 ጊጋኸርዝ ለ5 ኪሎ ሜትር እንኳን መሀሉ ላይ ወደ 12 ሜትር ተኩል ራዲየስ ነፃ አየር ይፈልጋል፣ የኛ ቀርከሃ ከውኃው ሁለት ሜትር ብትርቅ ነው፣ በዛ ላይ የሐይቁ ፊት ራሱ ሲግናሉን ያንጸባርቀዋል። ከሰዓት ነፋሱ ሲነሳማ አንቴናው ሰማይና ውኃ እያፈራረቀ ነው የሚያየው። ስለዚህ ጀልባዋ ባሕር ዳር ወደብ ስትሆን ተገናኝታለች፣ ዘጌ ስትደርስ ተገናኝታለች፣ መሀል ላይ የለችም።

ኅዳር መጨረሻ፣ ዘጌ

ሎራው ተሰቀለ። ሜሽታስቲክ የሚባለውን የሎራ ሜሽ ሶፍትዌር የጫንባቸው ትንንሽ ቦርዶች ናቸው፣ አንዷ ጀልባ ማቆሚያው ጋ ሌሎቹ ወደ ውስጥ። የቡናው ጫካ ጥቅጥቅ ያለ ነው፣ ዋይፋዩ ጥቂት ዛፍ አልፎ ሲቀር ሎራው ቀስ እያለም ቢሆን ይደርሳል።

ቃል የገባሁት ሒሳብ፦ ሜሽታስቲክ ሲመጣ ያለው ፍጥነት በሰከንድ 1.07 ኪሎቢት ነው። አንድ ትንሽዬ የኦኤልኤስአር ሄሎ ከነአይፒና ዩዲፒ ሄደሩ (ከፊቷ የሚለጠፈው የአድራሻ መረጃ) 48 ባይት ትሁን ብንል 384 ቢት ናት፣ አየር ላይ 0.36 ሰከንድ ትወስዳለች፣ መነሻ ምልክቱን ሳንጨምር። ሄሎ በየ2 ሰከንዱ ከሆነ ስድስት ኖድ ብቻውን ቻናሉን ጨረሰው፣ አንድም የሰው መልእክት ሳይላክ። ለዚህ ነው ሜሽታስቲክ የመንገድ ካርታ ሳይይዝ በቁጥጥር የሚያጥለቀልቀው፣ የሰማ ይደግማል፣ ሌላ ሰው ቀድሞ ከደገመው ይተወዋል፣ የሆፕ ገደቡም ሲመጣ 3 ነው ቢበዛ 7።

ስለዚህ ወደ ሎራ አይፒ አናስገባም፣ ሩትም አናስተዋውቅም። ዘጌ ያለችው ጌትዌይ፣ በባቤል በኩል መድረሻው እሷ ራሷ ናት። መልእክቱን ተቀብላ ከፍታ፣ ለማን እንደሆነ አይታ፣ ከ200 ባይት እንዳይበልጥ ቆርጣ በሎራ ትናገረዋለች። ጓደኛዬ «ይሄ ሩቲንግ አይደለም» ይላል። ይሁንለት፣ መልእክቱ ግን ደረሰ።

ታኅሣሥ

ጀልባዋ መሀል ላይ ከሌለች ላኪና ተቀባይ በአንድ ጊዜ የሚገናኙበት ቅጽበት የለም፣ ቲሲፒ (የተለመደው የኢንተርኔት መላኪያ ፕሮቶኮል) ደግሞ ገና ሰላም ሲባባል ሁለቱም እንዲኖሩ ይፈልጋል። ስለዚህ ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ የዲቲኤን (መዘግየትና መቋረጥን የሚችል መረብ) ነው፣ ተቀበል፣ ያዝ፣ ተሸከም፣ ስትደርስ ስጥ። ጀልባና ወደብ ሲገናኙ መጀመሪያ የያዙትን የመልእክት መለያ ዝርዝር ይለዋወጣሉ፣ ያኛው የሌለውን ብቻ ይሰጡታል። ይሄ እ.ኤ.አ. በ2000 ቫሃትና ቤከር የጻፉት የወረርሽኝ ዘዴ ነው በመሠረቱ፣ እኛ የጨመርንበት የቅጂ ገደብ ነው፣ ሁሉም ጀልባ ሁሉንም መልእክት ቢሸከም ሜሞሪ ካርዱ በከንቱ ይሞላል። ማን ማንን ብዙ ጊዜ ያገኛል ብለው በዕድል የሚያሰሉም አሉ፣ ፕሮፌት የሚባለው (አርኤፍሲ 6693)፣ ለኛ ግን ትርፍ ነው፣ ጀልባው ጠዋት እንደሚሄድ አገር ያውቃል።

ማድረሻ ማረጋገጫው ላይ ብዙ ተከራከርን። ከዘጌ «ደርሷል» የሚል መልስ ሲመጣ በመንገድ ላይ ያሉት ሁሉ ቅጂያቸውን ይጥላሉ። ማረጋገጫዋ ራሷ ግን በሎራና በጀልባ ነው የምትመለሰው፣ አንዳንዴ ከመልእክቱ በላይ ትቆያለች። የሽምብጡ ሰው ስልኩ ላይ ሁለት ነገር ለይቶ እንዲያይ አደረግን፣ «ጀልባ ላይ ተጭኗል» እና «ደርሷል»። ሰው የሚያምነው የመጀመሪያዋን ነው፣ ጀልባው እንዳልሰጠመ ያውቃላ።

ገና ሰሞን

አዲስ ራስ ምታት፦ ሰዓት። አሮጌዎቹ ፓዮች የራሳቸው ሰዓት የላቸውም፣ ሲጠፉ የነበራቸውን ጊዜ ይዘው ነው የሚነሱት። ጀልባዋ ማታ ጠፍታ ጠዋት ስትነሳ ገና ትናንት ማታ ይመስላታል፣ መልእክት ደግሞ ጊዜው ካለፈ ይጣላል ብለናል፣ የሽምብጥ ጌትዌይ ዛሬ የጻፈው ለጀልባዋ ከወደፊት የመጣ ነው። ሎጉን ማንበቡም ሌላ ጣጣ ነው፣ ጋሼ «ሁለት ሰዓት ላይ ተነሳን» ይላሉ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ጠዋት 8 ሰዓት ማለት ነው፣ ፓይዋ ደግሞ በዓለም አቀፉ ሰዓት (ዩቲሲ) 5 ትላለች ያውም ትክክል ከሆነች።

የባንድል ፕሮቶኮል፣ የዲቲኤን መልእክት ደንብ፣ 7ኛው እትም (አርኤፍሲ 9171፣ እ.ኤ.አ. 2022) ለዚህ መፍትሔ አለው፣ ሰዓት የሌለው ኖድ የተፈጠረበትን ጊዜ ዜሮ ብሎ በምትኩ የመልእክቱን ዕድሜ ይጽፋል፣ የያዘው ሁሉ እሱ ጋ የቆየበትን ይደምርበታል። ገልብጬ አስገባሁት፣ ቀን ቀን በደንብ ይሠራል። ማታ ጠፍታ የምታድርበትን ሰዓት ግን ማንም አይደምርላትም፣ ስለዚህ መልእክቱ ከዕድሜው በታች ልጅ ሆኖ ይቀራል። ለወደቦቹ ጌትዌዮች ዲኤስ3231 የሚባለውን የሰዓት ቺፕ ከነሳንቲም ባትሪው አስገብቼላቸዋለሁ፣ ለጀልባዎቹ የሚሆኑት እስኪመጡ ፓይዋ ስትነሳ መጀመሪያ ካገኘችው ወደብ ሰዓት ትጠይቅና ልዩነቱን በያዘችው መልእክት ሁሉ ላይ ትደምራለች፣ ያንን ሳታደርግ ምንም እንዳትጥል ተከልክላለች። የመልእክት ዕድሜ ጣሪያውንም ወደ 7 ቀን ከፍ አድርጌዋለሁ።